የወሎ ልጅ ዓይኗ ተጽፏል፤ ክርክሯስ የት ገባ?

የቧንቧ ውሃዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር የከፈትሁት ሲከነክነኝ የኖረ ነገር ስላለ ነው። ልብ ወለድ ሳነብ ልቤ የሚሄደው ወደ ቆንጆዋ አይደለም። የምፈልገው ነገር የገባትን፣ የገባትንም ነገር የምትናገረውን ልጅ ነው። አባቷ ሲሳሳት «እንዲህ አይደለም» የምትለውን፣ መምህሯን በጥያቄ የምታስጨንቀውን፣ እንግዳ ፊት «ዝም በይ» ስትባል ጀበናውን አስቀምጣ ሐሳቧን የምትጨርሰውን። እንዲህ ያለችዋን ሳገኝ ገጹን ቶሎ መግለጥ ያሳሳኛል፤ ሳጣት ደግሞ መጽሐፉ የቱንም ያህል ቢመሰገን አኩርፌ እከድነዋለሁ።

የደሴ ልጅ ነኝ። በመጽሐፍም በዘፈንም በጨዋታም የወሎ ሴት ስትነሣ አብሮ የሚነሣው ዓይኗ ነው፤ ከዚያ ጥርሷ፣ ሹሩባዋ፣ አንገቷ፣ አረማመዷ። ከአምባሰል እስከ ባቲ ዜማው ሁሉ ስለ መልኳ ነው። መወደስ የሚጠላ የለም፣ እኔም አልጠላሁም። ግን ያች የተወደሰችው ልጅ ምን ታስባለች? ወንድሞቿ ስለሚካፈሉት መሬት ምን ትላለች? ስለሚድሯት ሰውዬስ? ደራሲው ዓይኗን ሲስል ይውልና አፏ ላይ ሲደርስ ቀለም ያልቅበታል።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ፦ ስታነቡ «ይችስ እኔ ነኝ» ያላችኋት ብልህና ተከራካሪ ልጃገረድ ማን ናት? ከአገር ውስጥም ከውጭም ትሁን። ወንዶችም መልሱ፤ ዳር ቆማችሁ አትሳቁ።

የሐረጎ ቁልቁለት

ሰብለ ወንጌል ናታ! ሌላ ማን አለ? ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍላችሁ። ቤታችን «ፍቅር እስከ መቃብር» መጀመሪያ የገባው በመጽሐፍ ሳይሆን በሬዲዮ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው። እናቴ በሰዓቱ ድስቱን ከእሳት ታወርድና ማማሰያውን እንደያዘች ትቀመጣለች። ፊታውራሪ መሸሻ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ ዘሩን እየቆጠሩ ሲመልሱ፣ ልጅቷም ዕድሜዋ ሲያልፍ፣ እናቴ ማማሰያውን በሬዲዮው ላይ ታወዛውዝ ነበር። ሰብለ ፊደል ቆጠረች፣ የወደደችውን መረጠች፣ በመጨረሻም ከዚያ ትልቅ ግቢ ጥላ ወጣች። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?

የቧንቧ ውሃዋ

ሰብለን እኔም እወዳታለሁ፤ ማን ይጠላታል? ግን መጽሐፉን እንደገና አንሺና የእሷን ንግግር ብቻ እየለቀምሽ አንብቢ። ታለቅሳለች፣ ትጠብቃለች፣ ትወስናለች። ውሳኔዋ ትልቅ ነው፣ አልካድሁም። ክርክሩን የሚከራከረው ግን ሌላ ሰው ነው። ባላባቱንም ካህኑንም ልማዱንም ፊት ለፊት የሚሞግተው ጉዱ ካሣ ነው።

ጉዷ ነኝ

ስሜን ዐይታችሁ ገምታችኋል። እኔ ሴት ነኝ፤ በአማርኛ ልብ ወለድ ራሴን ያገኘሁት በጉዱ ካሣ ነው። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ያለ መጀመሪያ ገጾቹ በጋዜጣ የተሸፈነ ቅጂ ደረሰኝ። ሰውዬው ብቻውን እያወራ ሲሄድ፣ ሰው «አብዷል» ሲለው፣ እሱ ግን የሚያወራው ሁሉ ትክክል ሲሆን፣ በቃ እኔ ነበርሁ። ያን ሰሞን አንድ መምህር ክፍል ውስጥ ታሪክ ሲያዛባ እጄን አውጥቼ ስላረምሁት «ይች ልጅ ጤና የላትም» ተብዬ ወላጅ እንዳመጣ ታዝዤ ነበር። ወላጅ አመጣሁ። አባቴም እዚያው ቢሮ ውስጥ መምህሩን «ግን ያለችው ልክ ነው አይደለም?» ብሎ ጠየቀውና ነገሩ በዚያው ተዳፈነ።

በኋላ የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» አነበብሁ። እሱም ያው ነው፤ ወጣቱ ይናገራል፣ ይሞግታል፣ ያደፈርሳል፤ እሱም ወንድ ነው። የመጀመሪያው በ1958፣ ሁለተኛው በ1962 ዓ.ም. ነው የታተመው። በዚያ ዘመን ተማሪ ሴቶችም ነበሩ። ሐሳብ ያለው ሰው ሲያስፈልግ ግን ደራሲዎቻችን ሱሪ አለበሱት። እኛም አፍ ያለው ገጸ ባሕርይ ስንፈልግ ከወንዶቹ እየተዋስን አደግን። ወንዶች አንባቢዎች ከሴት ገጸ ባሕርይ እንዲህ ተውሰው ያውቃሉ?

አያ ሙሄ

ልጆቼ፣ ሰላም ዋሉ። የምትሉት ደስ ይላል፤ ግን ለደራሲዎቹም ፍረዱላቸው። ደራሲ ያየውን ነው የሚጽፍ። በዚያ ዘመን የባላባት ልጅ እልፍኝ ውስጥ ተቀምጣ ነው የምታድገው። እንደ ጉዱ ካሣ አደባባይ ወጥታ ትሟገት ነበር ብሎ ቢጽፍ ማን ያምነዋል? ደግሞ ሴትን ገፍተዋታል አትበሉ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው መጽሐፍ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ የሚጠራው በማን ስም ነው? በጦቢያ ነው። በሴቷ! ወንድሟ ዋህድ እያለ።

የቧንቧ ውሃዋ

አያ ሙሄ፣ እንኳን ደህና መጡ። ጦቢያን ማንሣትዎ ጥሩ ሆነ፤ ያላስተዋልሁትን አሳዩኝ። ጦቢያ አገር ላገር የምትዞረው የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። ሰብለም በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ መነኩሴ መስላ ነው። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ከሃምሳ ዓመት በላይ አለ፤ ልጅቷ ግን አሁንም ከቤት የምትወጣው ሴትነቷን ሸሽጋ ነው። ደራሲዎቹ ያዩትን ጻፉ ማለትዎን እቀበላለሁ። ያዩትን ከጻፉ ግን ምላሰኛ አክስት ያልነበረችው ደራሲ አለ እንዴ? ቡና ላይ ሰፈሩን በሙሉ የምትዳኝ ሴት አላየም? የእኛን አገር ዱበርቲዎች ያስቡ፤ ረከቦቱ ፊት ተቀምጠው ምርቃቱንም ነቀፋውንም በግጥም ሲያወርዱት ወንዱ አንገቱን ደፍቶ «አሚን» ይላል።

አያ ሙሄ

ዱበርቲዎቹን አትንኪ፣ እነሱን እኔም እፈራለሁ።

የመርሳዋ

ሴቶቹ መጽሐፍ ውስጥ ባይገቡ ተረት ውስጥ ነበሩ። አያቴ፣ አላህ ይማራትና፣ በሰፌድ ማሽላ እያበጠረች ትተርትልን የነበረውን እነሆ።

አንድ ንጉሥ አንድ ድኻ ገበሬ ላይ ነገር ሊፈልግ «የበሬ ወተት አምጣ፤ ካላመጣህ አንገትህን» ይለዋል። ገበሬው ቤቱ ገብቶ ኩርምት ብሎ ይተኛል። ልጁ «አባባ፣ ምን ሆንህ?» ትለዋለች፤ ይነግራታል። «ይኸ ነው እንዴ? ተኛ» ትለውና ሌሊት መጥረቢያ ይዛ ከንጉሡ መኝታ ቤት ሥር እንጨት መፍለጥ ትጀምራለች። ንጉሡ እንቅልፉን ተነጥቆ ያስጠራታል።

«በዚህ ሌሊት ምን እንጨት ነው የምትፈልጭው?»

«አባቴ ወልዶብኝ ነው፤ ገንፎ ላገነፋለት።»

«ወንድ ይወልዳል እንዴ?»

«በሬስ ይታለባል እንዴ?»

እዚህ ላይ አያቴ ሰፌዱን አስቀምጣ በሁለት እጇ ታጨበጭብ ነበር። እኛም እንጮሃለን። ከዚያ ምን ይሆናል? «ንጉሡም በብልህነቷ ተደንቆ አገባት።» አለቀ። እኔ ሁልጊዜ «ከዚያስ ምን አለችው?» እላለሁ። «ከዚያማ ንግሥት ሆነች» ትለኛለች። «እሺ ንግሥት ሆና ምን አለችው?» አያቴ «አንቺ ልጅ፣ ማሽላውን አስበተንሽኝ» ብላ ታባርረኛለች።

ከዚያ ተረት ውስጥ የምወደው እኩለ ሌሊት ላይ መጥረቢያ ያነሣችውን ነው። ንግሥቲቱን አላውቃትም፤ አንዲት ቃል ተናግራ አልሰማሁም።

ጉዷ ነኝ

የመርሳዋ፣ ይህን ለራሴ ገልብጬ አስቀምጫለሁ።

የሐረጎ ቁልቁለት

ይኸ ነገር የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሉዊዛ ሜይ አልኮት የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1868 ስለ አራት እኅትማማቾች አንድ ልብ ወለድ አሳትማ ነበር። ሁለተኛዋ ልጅ ጆ ትባላለች፤ ትጽፋለች፣ ትቆጣለች፣ ወንድ ባለመሆኗ ትናደዳለች፣ የታመመ አባቷን እናቷ ሄዳ እንድታስታምም ፀጉሯን ሸጣ ገንዘብ ታመጣለች። ይህን ፀጉር የመሸጥ ነገር ለወሎ ሰው ልብ ይሏል! የሹሩባ አገር ነና። መጽሐፉ ሲወጣ አንባቢ ልጃገረዶች ለደራሲዋ ደብዳቤ አዘነቡላት፤ ጥያቄያቸው «ጆ ማንን ታገባለች?» ነበር። ደራሲዋ ራሷ ሳታገባ የኖረች ሴት ናት። ደብዳቤው አበሳጫት፤ ሁሉም የተመኙላትን ጎረምሳ ከልክላ ጆን ለአንድ በዕድሜ ለገፋ ጀርመናዊ መምህር ዳረቻት። የእልህ ጋብቻ በሉት። እኔ ስገምት፣ ሳትዳር የምትጨርስ ልጅ ብትጽፍ አሳታሚውም አንባቢውም እንደማይለቋት ገብቷት ነው።

ሐና ዘወልድያ

ታላላቆቼ፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ ብታረሙኝ ደስ ይለኛል። የእኔ ሄርማዮኒ ናት። የሃሪ ፖተርን መጀመሪያ ያየሁት በፊልም ነው፤ ከዚያ የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በእንግሊዝኛ መጻሕፍቱን አመጣልኝና በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ አነበብኳቸው። ጥያቄ ሳይጠናቀቅ እጇ ሽቅብ ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ ጀርባዬ ላይ የሚንሾካሾኩትን አውቃለሁ።

ግን አንድ ነገር ያናድደኛል። በመጀመሪያው መጽሐፍ ልጅቷ ብቻዋን ናት፤ አዋቂ ነኝ ባይ ስለሆነች ማንም አይቀርባትም። ጓደኛ የምታገኘው መቼ ነው? አንድ አውሬ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሲያጠቃት ሁለቱ ልጆች ያድኗታል፤ መምህራኖቹ ሲመጡ እሷ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስላነበብኩ ብቻዬን የምችለው መስሎኝ ነው» ብላ ትዋሻለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወዳጆች ሆኑ። ማለት፣ ስታውቅ ጠሏት፤ ያላወቀች መስላ ስትቀጣ ወደዷት። ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ከፋኝ።

የቧንቧ ውሃዋ

ሐናዬ፣ የሚታረም ነገር የለሽም። ይህን ስንቱ ትልቅ ሰው ሳያየው አልፎታል።

አያ ሙሄ

ሐና ልጄ፣ አንድ ቃል ብቻ ልጨምር። ውሸቷ እኮ ጓደኞቿን ከቅጣት ለማዳን ነው። እኛ ዘንድ ይኼ ትልቅነት ነው። ሁሉን ነገር ሴት ተጨቆነች ብለን ስናነብ ደግነቱ እንዳያመልጠን።

ሐና ዘወልድያ

እሺ አባባ። ደግነቱን አይቼዋለሁ። ግን ሁለቱ ወንዶች ጓደኛ ለማግኘት ደግ መሆን አላስፈለጋቸውም።

ዴላንታ ላይ

እኔ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ወንድ ነኝ፣ ተጠይቀናልና ልመልስ። የእኔ ስካርሌት ኦሃራ ናት፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የሚካሄደው የ«ነገም ሌላ ቀን ነው» ባለታሪክ። መጽሐፉን ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ውስጥ ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ እንደተረጎመው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያ ሁኔታ ውስጥ ያለ ሰው ያችን ግትር፣ ጠብ የማትፈራ፣ ለወንድ ሳቅ ብላ በልቧ የምትሰላ ልጅ መርጦ መድከሙ ራሱ ይገርመኛል። ሰፈሩ ሲቃጠል፣ ንብረቱ ሲዘረፍ ሁሉም ተቀምጦ ሲያለቅስ እሷ መሬት ጭራ ያበላቻቸዋል፤ ቆይታም የእንጨት መሰንጠቂያ ገዝታ ትነግዳለች። ጦርነት ባለፈበት አገር ያደግን ሰዎች እንዲህ ያለችውን ሴት ከመጽሐፍ ውጭም እናውቃታለን። ስንቷ ናት በወንድ እጦት ቤት ያቆመችው?

ጉዷ ነኝ

ዴላንታ፣ ግማሹን ብቻ ነው የነገርኸን። የዚያች ቤት በማን ጉልበት ነበር የቆመው? በባሪያ። ጦርነቱም ካለቀ በኋላ ለእንጨት መሰንጠቂያዋ ጉልበት ሲያጥራት እስረኞችን ተከራይታ ነው ያሠራችው፤ አሠሪው ሲያስርባቸውና ሲገርፋቸው እያወቀች ዝም አለች። አንተ ደግሞ እስረኛ የተረጎመው መሆኑን እንደ ጌጥ ታነሣልኛለህ። ማርጋሬት ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፉን ስታሳትም ባሪያዎቹን ደስተኛ አስመስላ ነው የሳለቻቸው። ሴት አፍ ስላላት ብቻ ከጎኗ አልቆምም። እኔ የምፈልጋት ሐሳብ ያላትን ነው፤ ይችኛዋ ፍላጎት እንጂ ሐሳብ የላትም።

ዴላንታ ላይ

ገጸ ባሕርይን መውደድ ሥራዋን ሁሉ መደገፍ ነው እንዴ? ጉዱ ካሣም እኮ እንከን አለበት። ሴት ገጸ ባሕርይ ስትሆን ብቻ ለምን ጻድቅ መሆን ይጠበቅባታል? ወንዱ ቢሰርቅ «ውስብስብ ሰው ነው» እንላለን።

ጉዷ ነኝ

በዚህኛውስ ረታኸኝ። በባርነቱ ግን አልተመለስሁም።

እውነት ይነገር

ምን ሆናችሁ ነው ግን? ሴት ልጅ ከመጽሐፍ ክርክር ተምራ ቤቷ ስትገባ ማን ያገባታል? «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ያሉት አባቶች ሞኝ አልነበሩም። ጨዋነት ነበር የወሎ ጌጡ።

የመርሳዋ

ወንድሜ፣ በሬህን ሄደህ እለብ።

የመድረኩ አስተናባሪ

ከዚህ በታች የነበሩ የስድብ መልእክቶች ተሰርዘዋል። ስለ መጻሕፍቱ ቀጥሉ። የመርሳዋን መልስ ትቼዋለሁ፤ ስድብ መሆኑን ማረጋገጥ አልቻልሁም።

የመቅደላ ጥላ

ዘግይቼ መጣሁ። የታሪክ ነገር ስለምወድ አንዲት ሴት ላንሣላችሁ፤ የልብ ወለድ ሰው አይደለችም፣ ለዚያም ነው የማነሣት። የወረ ሂመኖዋ ወርቂት። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወሎ ውስጥ በልጇ ስም ትገዛ የነበረች ሴት ናት፤ ተቀናቃኟም መስተዋት የምትባል ሌላ ሴት ነበረች። ይህን ልብ በሉ፤ ሥልጣን የሚሻሙት ሁለት ሴቶች ናቸው።

በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ በእሷ ግዛት ሲያልፍ ወርቂት ከባድ ምርጫ ላይ ወደቀች። የገዛ ልጇ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ መቅደላ ላይ ታስሯል። ምኒልክን አሳልፋ ብትሰጥ ምናልባት ልጇን ታተርፋለች። አልሰጠችውም፤ ወደ ሸዋ ሸኘችው። ቴዎድሮስም ልጇን አስገደለ።

አሁን አስቡት፤ ያን ሌሊት ያች ሴት ከመኳንንቷ ጋር ምን ተባባለች? ማን «ስጭው» አላት? ማን «ተይ» አላት? እሷስ ምን ብላ መለሰች? ታሪክ ጸሐፊው ውሳኔውን ጽፎ ያልፋል፤ ክርክሩን መጻፍ የደራሲ ሥራ ነው። እኛ ግን ስለ መቅደላ ስናወራ ሽጉጡን ነው የምናወራ።

አያ ሙሄ

ይኼን ሳነብ ተነሥቼ ተቀመጥሁ። አባቴ የወርቂትን ነገር ያወራን ነበር፤ ግን «ልጇን ያስበላች» እያለ ነበር የሚያወራው። ለምን እንዳስበላች ተናግሮ አያውቅም።

የቧንቧ ውሃዋ

አያ ሙሄ፣ ይኸው እኮ ነው! ሴቷ የወሰነችው ይወራል፣ ያሰበችው አይወራም። እርስዎ አሁን «ዘመኑ እልፍኝ ያስቀምጣት ነበር» ብለው ነበር፤ ይቺ ግን እልፍኙም አደባባዩም የእሷ ነበር። የምትከራከር ሴት ስለጠፋች አይደለም እንግዲህ ያልተጻፈችው።

አያ ሙሄ

ተይ እንግዲህ፣ ገዥ ሌላ፣ ልጃገረድ ሌላ። ወርቂት ባል የቀበረች፣ ልጅ ያሳደገች እመቤት ናት። አንቺ የጠየቅሽው ስለ ልጃገረድ ነው። ልጃገረድ እንዲህ ስትሆን የታየበትን አምጭልኝ።

የመቅደላ ጥላ

አያ ሙሄ ልክ አሉ፣ ነጥቡ የእርስዎ ነው። ግን ወርቂትም አንድ ቀን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ሲወለዱ ገዥ ሆነው አይወለዱም፤ የሆነ ቤት ውስጥ የሆነ ሰው እንድትናገር ፈቅዶላታል፣ ወይም ከልክሏት እንቢ ብላለች። ልብ ወለድ የሚያስፈልገው ለዚያ ዕድሜዋ ነው፤ ሰነድ እዚያ አይደርስም። ደሴ ያለው ትምህርት ቤት የወይዘሮ ስሂንን ስም ይዟል፤ የእሳቸው ልጅ፣ አምባሰል የተወለዱት እቴጌ መነን፣ አዲስ አበባ ላይ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በ1923 ዓ.ም. አስከፈቱ። ስማቸው በር ላይ አለ። ልጅ ሳሉ ምን ብለው ይጠይቁ እንደነበር ግን ማን ጻፈልን?

ሐና ዘወልድያ

እኔ መጻፍ እፈልጋለሁ። ስለ ወርቂት አይደለም፣ እሷን እፈራታለሁ። የመርሳዋ ከፈቀደችልኝ ያችን እንጨት ፈላጭ ልጅ። ከሠርጉ ማግስት ነው የምጀምረው። ንጉሡ ፍርድ ሊሰጥ ይቀመጣል፣ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ትሰማለች፤ ፍርዱ የተበላሸ ነው። ዝም ትላለች ወይስ አትልም? እስካሁን ይኸው ነው ያለኝ።

የመርሳዋ

ተረት የማንም አይደለም፣ ውሰጃት። መጋረጃውን ግን ከመጀመሪያው ገጽ ቅደጅልኝ።

የሐረጎ ቁልቁለት

ደግሞ መልኳን አትጻፊ። ዓይኗን አንዴ እንኳ ብትጠሪ አላነበውም።

ዴላንታ ላይ

እኔ እንከን ስጫት እላለሁ። አንዳንዴ ትሳሳት፤ ተሳስታም ሽንጧን ገትራ ትከራከር።

ጉዷ ነኝ

ባሪያ ግን እንዳይኖራት።

ዴላንታ ላይ

ንጉሥ ቤት ነው እኮ የገባችው! ቤተ መንግሥቱን ማን ይጠርገዋል?

ጉዷ ነኝ

እንግዲያው የመጀመሪያው ክርክሯ እሱ ይሁን።

ሐና ዘወልድያ

ይኼን ጻፍኩት፣ ማስታወሻ ላይ። አያ ሙሄ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?

አያ ሙሄ

ንጉሡንም አታሞኝው። ሞኝ ንጉሥ መርታት ቀላል ነው። ብልህ አድርጊውና ያን ጊዜ እንይሽ።